የማዳም ኦዴት አምስት ነፋሶች

እሑድ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መዝረዓ

እሑድ ቀን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ሰው ጠላቴ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ዐረብ አገር የሰው ወለል ስወለውል ሰንብቼ እሑድን እንደ ዓመት በዓል ነው የማከብራት፤ እስከ አራት ሰዓት ንቅንቅ አልልም። ዛሬ ግን ገና ጎህ ሲቀድ፣ ክፍሉን የምንጋራው ሦስቱ ሴቶች እንዳይነቁብኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ጣት ወጣሁ። ደረጃው ላይ የተኛችው የጎረቤት ድመት በአንድ ዓይኗ አየችኝና መልሳ ተኛች። ታድላ!

መንገዴ ረጅም አይደለም። ከምኖርበት ከመዝረዓ ወደ ድሮ አሠሪዬ ሠፈር ጃል ኤል ዲብ፣ መኪና ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አገር ያቋረጠ ሰው የጉዞ ማስታወሻ ይጽፋል እንጂ ሠፈር ቀይሮ የሚጽፍ ማን አለ ትሉኝ ይሆናል። ወረቀት ለሌለው ሰው ግን እያንዳንዱ ኬላ ድንበር ነው። እኔ ደግሞ ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው ካለፈበት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ደወለች። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ እኔ ለቅቄ በወጣሁበት ቤት የገባች፣ ከማዳም ኦዴት ጋር የምትኖር።

“እትዬ ስንዱ፣ ወላሂ ነገ ካልመጣሽ ማዳሜን ይወስዷታል” አለችኝ።

“ማን ነው የሚወስዳት?”

“ልጇ ነዋ! ሙስዩ ኒኮላ ከፈረንሳይ መጥቷል። ሰኞ ጠዋት ተራራው ላይ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ መኪና ይመጣል። አእምሮዋ ሄዷል፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ብሏል።”

ማዳም ኦዴት ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በመነኮሳት የሴቶች ትምህርት ቤት ላቲን ስታስተምር ነው የኖረችው። ከሁለት ወር በፊት ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ፈሰሰና ቀኝ እጇንና አፏን ያዛት። የምትቆጣበት ዐረብኛ ጥርግ ብሎ ጠፋ፤ የምታሽሟጥጥበት ፈረንሳይኛም ተከተለው። ከአንድ ሁለት ቁርጥራጭ ቃል ሌላ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነፋስ። ምን ትበያለሽ ሲሏት ነፋስ፣ እንዴት አደርሽ ሲሏት ነፋስ። እሱም የአንድ አገር ነፋስ አይደለም። አንዴ በጣልያንኛ፣ አንዴ በስፓኒሽ፣ አንዴ ጎረቤቱ ሁሉ በማያውቀው ቋንቋ።

“አንቺ ቋንቋዋን ታውቂዋለሽ” አለች ዘይነባ።

“እኔ ቋንቋ አላውቅም። የማውቀው ነፋስ የሚለውን ብቻ ነው።”

“እሷስ ሌላ ምን ትላለችና!”

እሺ አልኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወደ ዶራ፣ በቫን

የመዝረዓ አውራ ጎዳና እሑድ ጠዋት ሌላ ነው። የሱቁ ሁሉ የብረት መዝጊያ ወርዷል። አንድ ሽማግሌ የሱቁን ደጅ በጎማ ውኃ ያጥባል፤ ከዕክ የሚባለውን ሰሊጥ ያለበት ቀለበት ዳቦ የሚሸጠው ሰውዬ ጋሪውን ጥግ አስይዞ ሲጋራ ያጨሳል። አንድ ከዕክ ገዛሁ። ዋጋው ከባለፈው ሳምንት ጨምሯል፤ ሰውዬው ራሱ አፍሮ ወደ ሰማይ ጠቆመኝ።

ቫን እዚህ አገር ሚኒባስ ማለት ነው። ገብቼ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መስኮት አጠገብ አልቀመጥም፤ ኬላ ላይ ወታደር ቀድሞ የሚያየው መስኮቱን ነው። ሹፌሩ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፣ በመስተዋቱ አየኝ።

“ቤተ ክርስቲያን ነው?”

“ፈተና ልፈተን” አልኩት።

“በዚህ ዕድሜሽ? በእሑድ?”

“አስተማሪዬ በእሑድም አታርፍም።”

ሳቀና ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። የቀለድኩ መስሎታል።

ቫን ውስጥ በተቀመጥኩ ቁጥር የሚያስቀኝን ታሪክ ልንገራችሁ። ማዳም ኦዴት ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያኔ የማውቀው ዐረብኛ “ያላ” እና “ሹ”፣ ቶሎ በይና ምን፣ ብቻ ነበር። ልብስ እየተኮስኩ ሳለ የኩሽናው በር በኃይል ተላተመ፤ ማዳሜም ከሳሎን “ለ ቫን! ለ ቫን!” ብላ ጮኸች። ወይኔ፣ ቫን ልትሳፈር ፈልጋ እያመለጣት ነው ብዬ ነጠላ ጫማዬን ሳልቀይር ሦስት ፎቅ ወርጄ መንገዱ መሀል ገብቼ ሚኒባስ አስቆምኩ። ሹፌሩ ይጠብቃል፣ ተሳፋሪ ይሳደባል፣ እኔ ወደ በረንዳው ቀና ብዬ “ማዳም! ቫን! ቫን!” እላለሁ። ማዳሜ በረንዳው ላይ ሆና ብረቱን ይዛ በሳቅ ተንፈራፈረች። ለካ በፈረንሳይኛ ነፋስም “ቫን” ነው። በሩን ዝጊ ማለቷ ነበር!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዋ አደረገችኝ። “ነፋስን ካላወቅሽ ልብስ ማስጣት አትችዪም” አለች። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ምን ዓይነት መዓት እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም።

አንድ ሰዓት፣ ዶራ

ዶራ እሑድ እሑድ የኛ የሐበሾቹ ነው። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ቀድመው ይንጫጫሉ፤ ሲም ካርድ፣ በርበሬ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር፣ ሁሉም እዚያው አደባባይ ዙሪያ ነው። አንዷ የማውቃት ሴት “ስንድዬ! ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶ ነው በሌሊት የወጣሽው?” አለችኝ። “አፍሽን በቆረጠው፣ ማንም አልሞተም” አልኳት። ስስማት ስትስመኝ ሁለት ቫን አመለጠኝ።

ሦስተኛው ላይ ተሳፈርኩ። ከዶራ በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን ይዞራል፤ በግራ በኩል፣ ሕንጻና የማስታወቂያ ሰሌዳ ባልጋረደው ቦታ፣ ባሕሩ ብቅ ጥልቅ ይላል። ዛሬ ባሕሩ ዝም ብሏል። በዚህ ላይ ኬላ አልነበረም። እሰይ! የምፈራው ግን ወታደሩን ብቻ አልነበረም።

ማዳም ኦዴት ቤት ስድስት ዓመት ሠራሁ። የወጣሁት በፀብ አይደለም። የራሴ አልጋ፣ የራሴ እሑድ አማረኝ፤ ነገርኳትና በሩን ራሷ ከፍታ “ያላ፣ ሂጂ” አለችኝ። አለቀሰችም። ወረቀቴ ግን በልጇ ስም ነበር፤ እሱ “ጠፍታለች” ብሎ አስመዘገበኝ። ዛሬ በገዛ እግሬ ወደዚያ ሰው እየሄድኩ ነው። ምን ቆርጦኝ? እንጃ። ከዚያች ሴት ጋር ስድስት ዓመት ልብስ አስጥቻለሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ያስተማረችኝን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባችሁም። የሁሉም አባት ላቲኑ ነው ትላለች፤ “ቬንቱስ”። ልጆቹ ብዙ ናቸው። ጣልያኑ “ቬንቶ” አለው፣ ስፓኙ “ቪየንቶ”፣ ፈረንሳዩ ጭራውን ቆርጦ “ቫን”፣ ሮማንያው ደግሞ አናባቢውን ጉሮሮው ውስጥ አንቆ “ቭንት”። ፖርቱጋሉም አለ፤ እሱ ከጣልያኑ ብዙም ስለማይለይ “ይቅርብሽ” ብላኛለች። አንድ ቃል ከአንድ ቤት ወጥቶ በየአገሩ ሲዞር መልኩን እንዲህ ቀያየረ፤ እኛም ስንሰደድ እንደዚያው አይደል? ስፓኞች መስኮትን “ቬንታና” የሚሉትም ከነፋሱ ነው። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረው ቬንቲላተርም የዚሁ ዘመድ ነው። ይኼን ሁሉ የተማርኩት መልቀጥ፣ ያንን ልብስ ገመድ ላይ የሚይዘውን፣ በጥርሴ ይዤ ነው።

ቃሉን እንዳልረሳ ደግሞ ሥራ ሰጠችው። ለስላሳ የባሕር ነፋስ ሲሆን “ቬንቶ”፤ አንሶላ አውጪ፣ ጥሩ ነው ማለት ነው። በር የሚያላትም፣ ቤት ውስጥ ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ ነፋስ “ቫን”፤ በሩን ዝጊ። ከበረሃ የሚመጣው፣ ኸምሲን የሚሉት ሞቃትና አቧራማው “ቪየንቶ”፤ ይኼ መጥፎ ነው፣ ያሰጣሽውን ሁሉ አስገቢ። ማታ ማታ ከተራራው የሚወርደው ብርድ “ቭንት”፤ ሹራቤን አምጪ። “ቬንቱስ” የክረምት አውሎ ነፋስ ነው፤ እሱ ሲመጣ መጋረጃውን ጠቅልለሽ ወደ ውስጥ ሩጪ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱን በዚህ አስተዳደርነው። ከውጭ ለሚሰማን ሁለት እብዶች ነበርን።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ዛልቃ

ዘይነባ ዛልቃ ወርጄ ዳቦ ቤቱ ጋ እንድንገናኝ ነግራኝ ነበር። ዳቦ ልትገዛ ተልካ ነው የመጣችው። ጥቁር ሒጃቧን አጥብቃ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ መንኡሼ የሚባል ትኩስ ጠፍጣፋ ዳቦ ታቅፋ ቆማለች፤ ላዩ ላይ የተነሰነሰው የዘዕተር ቅመምና የዘይቱ ሽታ ከሩቅ ይጠራል። ሦስቴ ሳመችኝና ግማሹን ቆርሳ አጎረሰችኝ።

“አብሽሪ” አልኳት፣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበርና።

“ምን አብሽሪ አለው እትዬ! ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ነበር።”

“ምን እያለች?”

“ያንን ጉሮሮ የሚያንቀውን። ቭን... ቭንት።”

“አንቺስ ምን አደረግሽ?”

“ገና እንደታመመች ሙስዩ ኒኮላን በስልክ ጠየቅኩት፤ ነፋስ ማለት ነው አለኝ። ነፋስ ካማራት ብዬ መስኮቱን ከፈትኩላት። ደግማ ስትለው የበረንዳውንም ከፈትኩት።”

መንኡሼውን ከአፌ መለስኩት። “ዘይነባ! ቭንት ማለት በረደኝ፣ ሹራብ አምጪ ማለት እኮ ነው!”

ዘይነባ ዳቦውን ይዛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። “ያ ረቢ! ሁለት ወር ሙሉ... እኔ ነኝ ያቀዘቀዝኳት? እኔ?” እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልቤ ተነካ፤ ግን ተቆጣሁም። በእሷ ሳይሆን በራሴ። ስወጣ ይኼን ነገር ለሚተካኝ ሰው ጽፌ መተው አይገባኝም ነበር? ማን ያስፈልገዋል ብዬ ተውኩት። ልብስ ማስጫ ብቻ መስሎኝ።

“ተነሺ” አልኳት። “እየሮጥን ነው የምንሄደው።”

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጃል ኤል ዲብ

መብራት ስለሌለ አሳንሰሩ አይሠራም፤ ሦስተኛ ፎቅ በእግር። በሩን የከፈተው ራሱ ሙስዩ ኒኮላ ነው። ጸጉሩ አልቋል፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል። አወቀኝ።

“ስንዱ። ስትጠፊ ደህና ሁን እንኳን አላልሽኝም።”

“ለማዳሜ ብያለሁ ሙስዩ። ቦንጁር።”

ፖሊስ ይጠራል ብዬ ቆሌዬ ተገፎ ነበር። እሱ ግን ትከሻውን ሰበቀና ከበሩ ዘወር አለልኝ። ዛሬ እኔን የሚያባርርበት ጉልበት አልነበረውም። ሻንጣዋን አዘጋጅቶ ኮሪደሩ ላይ አቁሞታል፤ ትንሽ ሰማያዊ ሻንጣ።

ማዳሜ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ናት። እንዴት አንሳለች! መስኮቱም በረንዳውም ብርግድ ብሎ ተከፍቷል፣ እሷ ስስ የሌሊት ልብስ ለብሳለች። አየችኝ። ግራ እጇ ተነሳ።

“ቭንት” አለችኝ። ስሞታ ነበር።

መስኮቱን ዘጋሁ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ግራጫውን ሹራብ ከድሮ ቦታው አውጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣልኩላትና እጇን በእጄ መሀል ይዤ አሸሁት። ትንሽ ቆይታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

“ቬንቶ” አለች።

“ሰማሃት ሙስዩ? አሁን ጥሩ ነው ማለቷ ነው።”

በዐረብኛ አንድ በአንድ አስረዳሁት፤ አምስቱን ቃል፣ አምስቱን ትርጉም። እጁን አጣጥፎ ሰማኝ። ከዚያ፣

“ትናንት እዚህ ቆሜ ‘ማማ፣ እኔ ማነኝ?’ ብዬ ጠየቅኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ቫን። ልጇን ነፋስ አለችው።”

“የኩሽናው በር ከኋላህ ክፍት ነበር?”

ሊያስታውስ ወደ በሩ ዞረ። ዘይነባ ግን ከወዲያ “ነበር! ወላሂ ነበር!” አለች።

ሙስዩ ኒኮላ ከእናቱ ጀርባ በኩል ሄደና የኩሽናውን በር ቀስ አድርጎ ከፈተው። ጠበቅን። የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተንቀሳቀሰ።

“ቫን” አለች ማዳሜ፣ ዞር ሳትል።

ዘጋው። ዝም አለች። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ ግን ቶሎ ሰበሰበው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈርቷል። ነገ አውሮፕላን አለው፤ ሚስትና ሥራ ፈረንሳይ ትቷል።

“ስንዱ፣ ስሚኝ። ድመትም ሲበርዳት ትጮሃለች። እኔ የምፈልገው እናቴ ውስጥ እናቴ አለች ወይ የሚለውን ነው። ይኼ ልማድ ነው፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ሰውነቷ ነው የሚናገረው።”

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዘይነባን አየኋት፤ ዘይነባ ሻንጣውን ታያለች።

ይኼኔ ማዳሜ ግራ እጇን አነሳችና አንድ ጣቷን ወደ ልጇ ቀሰረች። ቀሰረችና ጠበቀች። ያችን ጣት አውቃታለሁ! በረንዳው ላይ ስንት ቀን ጠቁማኛለች።

“ሙስዩ፣ እየጠየቀችህ ነው። በቋንቋህ በላት።”

“ምኑን?”

“ነፋሱን ነዋ!”

እንደ ተማሪ ተጎተተ። “ቫን” አለ። ነቀነቀች። ጣቷ ወደ እኔ ዞረ። “ቬንቶ” አልኩ። ነቀነቀች። ወደ እሱ፤ “ቪየንቶ”። ወደ እኔ፤ “ቭንት”። እየፈጠነች ሄደች፣ ጉንጯ ቀላ። ወደ እሱ፤ ትንሽ አሰበና “ቬንቱስ” አለ፣ ድምፁም ቀጠነበት። እንደገና ወደ እኔ ዞረች። ቋንቋ አልቆብኝ ስፈራገጥ፣

“ቱዋ?” አለች። ያንቺስ ማለቷ ነው።

እኔም በጥድፊያ “ሀዋ!” አልኩ።

ማዳሜ ፊቷን አጨማደደች። “ኖን።”

“ሀዋ” አልኩ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ አልሰማችኝ ይሆናል ብዬ።

“ኖን!” ጣቷን አወዛወዘች። አፏ አልታዘዛት አለ፤ ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፤ ምራቋን ዋጠች፤ እንደገና ሞከረች። “ነ... ነፋ... ነፋስ።”

ሙስዩ ኒኮላ ፊቱን አዞረ። “አየሽ? ይኼ ደግሞ የምን ቋንቋ ነው? ይኼ ቋንቋም አይደል። ኸላስ።” ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ደወለ፣ የሰኞውን መኪና ሰዓት ሊያረጋግጥ።

ዘይነባ አፏን በእጇ ይዛ፣

“እትዬ! በእኛው እኮ ነው ያለችው!” አለች።

ልብ አድርጉልኝ፤ ሀዋ ዐረብኛ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ነፋስ መውጫ ነው፤ አዎ፣ የጎንደሩ ነፋስ መውጫ፣ ከተማው ስሙ ላይ ነፋስ ተጽፎ የሚኖር! የዚያ አገር ልጅ፣ ያንቺስ ቋንቋ ምን ይለዋል ስትባል፣ የአሠሪዋን ቋንቋ ተናገረች። ለማዳሜ ነፋስ የሚለውን የነገርኳት አንድ ቀን፣ ምናልባት ሁለት ቀን ነው፣ ካልሲ እያሰጣሁ፤ እኔ መንገሬንም ረስቼዋለሁ። ፊቴ ሲነድ ተሰማኝ። ደግሞ ደስ አለኝ፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

“ሙስዩ፣ ስልኩን አስቀምጠው” አልኩት። በሕይወቴ አሠሪን እንዲህ አዝዤ አላውቅም። “እሷ ልክ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።”

“እንዴት?”

“የጠየቀችኝ የአገሬን ቃል ነው። እኔ ዐረብኛውን መለስኩላት። ስህተቴን ይዛ አማርኛውን ነገረችኝ። ነፋስ የኛ ነው። ዘይነባን ጠይቃት፣ እኔን ካላመንክ።”

ዘይነባ ሳትጠየቅ “ነፋስ! ነፋስ!” ብላ በእጇ እያውለበለበች አሳየችው።

ሙስዩ ኒኮላ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እናቱን። ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴትዮ “አሎ? አሎ?” እያለች ነበር።

“ሠራተኛዋን አረመቻት” አለ ለራሱ፣ በዝግታ። “እኔንም እንዲሁ ነበር የምታደርገኝ። እራት ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ እንግዳ ፊት። አንድ ስህተት አታሳልፍም ነበር። ስንት ጊዜ ጠልቻታለሁ በዚህ።” ከዚያ እንባው ወረደ፤ ለመደበቅም አልሞከረም። ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰና፣ “ፓርዶን፣ ማዳም። ነገ አትምጡ። አይ፣ ሌላ ቀንም አልያዝኩም። እናቴ እዚህ ናት” አላት።

ሻንጣውን ያስገባችው ዘይነባ ናት። ከኮሪደሩ እየጎተተች ስታልፍ “አልሐምዱሊላህ” ስትል ሦስት ጊዜ ሰማኋት።

ሙስዩ ኒኮላ፣ ቤቷ ትሁንና ለሦስት ወር እንሞክረው፣ ከዚያ እናያለን ብሏል። የዘለዓለም ነገር ማንም አልተናገረም። እኔም አምስቱን ቃላት ከነትርጉማቸው በትልቁ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ፣ ለዘይነባ በአማርኛ፣ ለሙስዩ በላቲን ፊደል። ስለ ወረቀቴ እናወራለን አለኝ፤ ሳይ አምናለሁ።

ሰባት ሰዓት፣ ወደ መዝረዓ

በመመለሻው ቫን ውስጥ ሞቅ ብሎ ነበር። አንዲት ሴትዮ ልጇን ታቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል፣ ሹፌሩ በስልክ ከሚስቱ ጋር ይነታረካል። እኔ እንደ እብድ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ የገዛ ቋንቋዬን እቆጥራለሁ። ሹባክ፣ መስኮት። ሸርሸፍ፣ አንሶላ። መልቀጥ... መልቀጥ ምን ነበር? ዛልቃን አልፈን ዶራ ስንደርስ መጣልኝ፤ የልብስ መቆንጠጫ። ከማን ጋር ነው ይኼን ሁሉ ዘመን ያወራሁት? አፈርኩ፤ ደግሞም ብቻዬን ሳቅሁ።

መዝረዓ ደርሼ ደረጃውን ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ዘይነባ የድምፅ መልእክት ልካለች።

“እትዬ፣ በሰላም ገባሽ? እዚህ ጉድ ፈልቷል። ሙስዩ ኒኮላ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ከእግሯ ሥር ተቀምጦ እየተማረ ነው። ‘ነፈስ’ ይላል፤ ኖን ትለዋለች። ደግሞ ‘ነፈስ’ ይላል፤ ኖን!”

ነፈስ በዐረብኛ ትንፋሽ ማለት ነው። ሰውዬው አሳዘነኝ።

“ተዪው እስቲ፣ ያለው ነገር ክፉ አይደለም” ብዬ መለስኩላት።

ወዲያው ደወለች። ከኋላዋ የማዳሜ ድምፅ ይሰማል፣ ቀጭን፣ የተቆጣ።

“እኔ ብተወው ምን ዋጋ አለው፣ ማዳሜ መች ትተወዋለች!” አለች ዘይነባ እየሳቀች። “በትክክል እስኪለው ሹካውን ከእጁ ቀምታዋለች እኮ። ምሳው ይኸውና ቀዘቀዘ።”